ስለ «ካኒባል ሆሎኮስት» ፊልምና በኢጣልያ ፍርድ ቤት ስለ ቀረበበት ክስ

ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1980 በሚላኖ ከተማ «ካኒባል ሆሎኮስት» የተባለ ፊልም ለሕዝብ መታየት ጀመረ። ስሙ በእኛ ቋንቋ «የሰው በላዎች እልቂት» እንደ ማለት ነው። ፊልሙ ዐሥር ቀን ያህል እንደ ታየ የከተማው የፍርድ ባለሥልጣን እንዲያዝ አዘዘ። አዘጋጁ ሩጄሮ ዴኦዳቶ በመጀመሪያ የተከሰሰው ጸያፍ ነገር ለሕዝብ አሳይቷል ተብሎ ነበር፤ ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ግን ክሱ ከብዶ ሰው በመግደል ተጠረጠረ። በፊልሙ ውስጥ ሲሞቱ የሚታዩት ተዋንያን በእርግጥ ተገድለዋል ተብሎ ታምኖ ነበርና። አንድ የፊልም ሠሪ ዳኛ ፊት ቆሞ «ያሳየሁት ነገር ውሸት ነው» ብሎ በማስረጃ እንዲያረጋግጥ የተገደደበት ጊዜ በሲኒማ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ በርካሽ የተሠራ፣ ተመልካቹን በማስደንገጥ ገንዘብ ለማግኘት የታሰበ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። እንዲህ ያለው ሥራ የታሪክ ተማሪን ጊዜ ሊወስድ ይገባዋልን? የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ መልሳችን ፊልሙ ራሱ ሳይሆን የተከተለው ክርክር ይገባዋል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ፣ መጽሔቶቹና ተመልካቹ «በዚህ ፊልም ውስጥ በእውነት የሞተው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ማንን እንደ ቈጠሩ፣ ማንንስ ሳይቈጥሩ እንዳለፉ በግልጽ ሊታይ ይችላልና።

አስቀድሞ የፊልሙን ታሪክ ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። አራት ወጣት አሜሪካውያን ፊልም ሠሪዎች ስለ ሰው በላ ነገዶች ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት ወደ አማዞን ደን ገብተው ይጠፋሉ። ሃሮልድ ሞንሮ የሚባል የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሊፈልጋቸው ይሄዳል። ወጣቶቹ መሞታቸውን ይደርስበታል፤ ያነሡትንም ፊልም በነገዱ እጅ ያገኘዋል። የድምፅ መቅጃ መሣሪያውን ሰጥቶ በልዋጩ የፊልሙን ቆርቆሮዎች ይዞ ይመለሳል። በሁለተኛው ክፍል መምህሩና የቴሌቪዥን ጣቢያ አለቆች በኒውዮርክ ተቀምጠው ያንን ፊልም ያያሉ። በፊልሙ የሚታየው ግን ወጣቶቹ ጥሩ ሥዕል ለማግኘት ሲሉ መንደር ሲያቃጥሉ፣ ሴት ልጅ ሲደፍሩ፣ ያደረሱትንም ጥፋት የነገዱ ልማድ አስመስለው ሲናገሩ ነው። በመጨረሻ የመንደሩ ሰዎች ተነሥተው ይገድሏቸዋል፤ ካሜራውም መሬት እስኪወድቅ ድረስ መቅዳቱን አያቋርጥም። የጣቢያው አለቆች ፊልሙ እንዲቃጠል ያዛሉ። በመዝጊያው ላይ በጽሑፍ እንደሚነበበው የፊልም ማሳያው ሠራተኛ ፊልሙን ሰርቆ በ250 ሺህ ዶላር ሸጦታል፤ ለቅጣትም 10 ሺህ ዶላርና በገደብ የታለፈ የሁለት ወር እስራት ተፈርዶበታል። ይህ ሁሉ ፈጠራ ነው፤ ይሁን እንጂ የዚህን ምናባዊ ሠራተኛ ፍርድ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

ተመልካቹን ያሳተው ብልሃት አሠራሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል እንደ ማንኛውም ፊልም በተረጋጋ ካሜራ ተነሥቷል። ሁለተኛው ግን በ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ በእጅ በተያዘና በሚንቀጠቀጥ ካሜራ፣ ጭረት እየታየበት፣ አንዳንድ ጊዜም ድምፁ እየጠፋ ይሄዳል። ሰው የተሻለ ተሠርቶ ካየው ሥዕል ይልቅ የተበላሸውን ያምናል። የቴሌቪዥን ዜና ያስለመደው ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ዴኦዳቶ ይህን የፈጠረው ከባዶ ተነሥቶ አልነበረም። በ1962 ጓልቲዬሮ ያኮፔቲ፣ ፓኦሎ ካቫራና ፍራንኮ ፕሮስፔሪ «ሞንዶ ካኔ» የተባለ ፊልም አወጡ። ከልዩ ልዩ አገር የተለቃቀመ፣ ከፊሉ እውነት ከፊሉ የተዘጋጀ፣ ተመልካቹን የሚያስደንቅና የሚያስጸይፍ ትርዒት ነበረ። ገንዘብ ስላስገኘ ብዙዎች ተከተሉት፤ «ሞንዶ» የሚለውም ቃል የአንድ ዓይነት ፊልም መጠሪያ ሆነ። የዚያ ፊልም ሙዚቃ ደራሲዎች አንዱ ሪዝ ኦርቶላኒ ሲሆን፣ ከ18 ዓመት በኋላ ለ«ካኒባል ሆሎኮስት» የጻፈውም እርሱ ነው። መንደር ሲቃጠል እንደ እሹሩሩ ያለ ለስላሳ ዜማ ይሰማል። ፊልሙን የጠሉት ሰዎች እንኳ ይህን ዜማ አይነቅፉትም።

ከሞንዶ ፊልሞች ሁሉ ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበን በ1966 የወጣው «አፍሪካ አዲዮ» ነው። ያኮፔቲና ፕሮስፔሪ አፍሪቃውያን ነፃነታቸውን በተቀበሉበት ዘመን በአህጉሪቱ እየተዘዋወሩ የዛንዚባርን የ1964 እልቂትና የኮንጎን ጦርነት አነሡ፤ ከዚያም ሁሉንም «አውሮፓዊው ሲወጣ እነሆ ይህ ሆነ» በሚል አስተያየት አያያዙት። ገና ፊልሙ ሳያልቅ በኮንጎ የተነሣ አንድ የሰው ግድያ ለካሜራው ሲባል ጊዜው ተመቻችቷል የሚል ወሬ በኢጣልያ ተነሥቶ ነበር። ያኮፔቲ በዚህ ተመርምሮ ነፃ ወጣ። በነሐሴ ወር 1966 ፊልሙ በምዕራብ በርሊን ሲታይ የአፍሪቃ ተማሪዎችና የጀርመን ሶሻሊስት ተማሪዎች ማኅበር አባሎች ሲኒማ ቤቱ ድረስ ሄደው ተቃወሙ። በዚያች ከተማ ከተደረጉት የተማሪዎች ሰልፎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ብንመለስ ከነገሩ አንወጣም። የኢጣልያ ካሜራ በሰው አገር እየሄደ «እውነቱን ይዤ መጣሁ» ማለት የጀመረው በያኮፔቲ ዘመን አይደለም። በ1924 የተመሠረተው ሉቼ የተባለው የመንግሥት የፊልም ድርጅት የ1935–36ን ወረራ በአገራችን ተራራና ሸለቆ እየተከተለ አንሥቷል። በእነዚያ የዜና ፊልሞች ውስጥ መንገድ ሲሠራ፣ ባሪያ ነፃ ሲወጣ፣ ሕዝብ ሲያጨበጭብ ይታያል፤ የመርዙ ጋዝ ግን አይታይም። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን ያመነው በ1996 ነው። ዴኦዳቶን ከፋሺስት ዜና ሠሪዎች ጋር አንድ ማድረግ አግባብ አይደለም፤ ነገር ግን ፊልሙ የሚነቅፈው ልማድ በአገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ይህ ያሳያል።

ሁለተኛው ምንጭ ኑሮ ነው። በ1955 በኢጣልያ ከ800 ሚሊዮን በላይ የሲኒማ ቲኬት ተሸጦ ነበር፤ በ1980 ይህ ቍጥር ወደ 240 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። በ1976 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት የግል ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በየአካባቢው እንዲሠሩ ከፈቀደ በኋላ ሕዝቡ ፊልም ቤቱ ተቀምጦ ያይ ጀመር። ፊልም ሠሪዎች ስለዚህ ቴሌቪዥን የማያሳየውን ነገር ይዘው መቅረብ ነበረባቸው። አሠራራቸውም አንድ ፊልም ገበያ ሲያገኝ ፈጥኖ ደርዘን ቅጂ ማውጣት ነበር። የሰው በላ ፊልም የተጀመረው በ1972 በኡምቤርቶ ሌንዚ ነው፤ ዴኦዳቶም በ1977 አንድ ሠርቶ ነበርና የ1980ው ለእርሱ ሁለተኛው መሆኑ ነው።

የሰውየው ትምህርትም ሊዘነጋ አይገባውም። ዴኦዳቶ በ1939 በፖቴንሳ ተወልዶ የፊልምን ሥራ የተማረው ለታላቁ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ ረዳት ሆኖ ነው። ሮሴሊኒ ከጦርነቱ በኋላ በእውነተኛ ጎዳና፣ ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች ጭምር እየሠራ ሲኒማ እውነትን እንዲመስል ያስተማረ ሰው ነው። ደቀ መዝሙሩ ይኸንኑ ትምህርት ወስዶ ለምን እንዳዋለው ማየት የሚያስገርም ነው፤ መሣሪያው ያው ነው።

ዴኦዳቶ ራሱ በኋላ ሲጠየቅ የፊልሙ አሳብ የመጣለት ከቴሌቪዥን ዜና መሆኑን ይናገር ነበር። ጊዜው ቀይ ብርጌዶች የተባሉት ታጣቂዎች ሰው የሚያግቱበትና የሚገድሉበት ዘመን ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አልዶ ሞሮ በማርች 16 ቀን 1978 ታግቶ፣ ሜይ 9 ቀን ሬሳው ሮም መካከል በቆመ መኪና ውስጥ ተገኘ፤ ሥዕሉም በየቤቱ ገባ። ዴኦዳቶ ትንሽ ልጁ ይህን ዓይነቱን ዜና ሲመለከት አይቶ፣ ጋዜጠኞቹ ደም ሳያዩ የማያድሩ ሆነዋል ብሎ እንዳሰበ ይናገራል። ይህ አባባል በከፊል ከክሱ በኋላ የተሰናዳ መከላከያ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የፊልሙ ታሪክ ራሱ ይደግፈዋል፤ ክፉዎቹ ካሜራ የያዙት ናቸውና።

ሥራው በ1979 የተከናወነው በኮሎምቢያ ደቡብ ጫፍ፣ ከብራዚልና ከፔሩ ወሰን ላይ በምትገኘው በሌቲሲያ አካባቢ ነው። ለፊልሙ ሲባል ሰባት እንስሳት በእውነት ተገድለዋል፤ ከእነርሱም ኮአቲ የተባለ የዱር አውሬ፣ አንድ ትልቅ ኤሊ፣ ሸረሪት፣ እባብ፣ አሳማና ሁለት ጦጣዎች ይገኛሉ። ጦጣዎቹ ሁለት የሆኑት ሥዕሉ እንደገና እንዲነሣ ስለ ተፈለገ ነው። ተዋንያኑ ራሳቸው በነገሩ አልተስማሙም ነበር። መምህሩን ሆኖ የሠራው ሮበርት ከርማን ኮአቲው ሲገደል ትቶ ሄደ፤ ካርል ዮርክ አሳማውን አልተኩስም ስላለ ሌላው ተዋናይ ሉካ ባርባሬስኪ ተኮሰ፤ ኤሊውን ካረዱት አንዱ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ እንዳለቀሰ ይነገራል። ስለ ጋዜጠኞች ጭካኔ የሚሰብክ ፊልም ጭካኔውን ከራሱ ጀመረ። ይህን ማንም መከላከያ ሊያነሣው አይችልም፤ ዴኦዳቶም በዕድሜው መጨረሻ አካባቢ ባላደረግሁት ኖሮ ብሏል።

አሁን ወደ ክሱ እንግባ። በኢጣልያ የነበረው ሥርዓት ለውጭ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው። በአፕሪል 1962 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ፊልም ከመታየቱ በፊት በሳንሱር ኮሚሲዮን ይመረመራል፤ ኮሚሲዮኑ ከፈቀደ በኋላ ግን የፍርድ ባለሥልጣን ፊልሙ የወንጀል ሕግን ይጥሳል ብሎ ካመነ ሊይዘው ይችል ነበር። ስለዚህ አንዱ የመንግሥት እጅ የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል። በዚህ መንገድ የቤርናርዶ ቤርቶሉቺ «የመጨረሻው ታንጎ በፓሪስ» በጃንዋሪ 1976 በሰበር ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ተፈርዶበታል። የዴኦዳቶም ፊልም የተያዘው በዚሁ በር ነው።

የነፍስ ግድያው ጥርጣሬ የመጣው ከፈረንሳይ ነበር። ፊልሙ በዚያ በመታየት ላይ ሳለ በጃንዋሪ 1981 «ፎቶ» የተባለው መጽሔት በሥዕሉ የሚታዩት አንዳንድ ሞቶች እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ ሲል ጻፈ። ለዚህ ጥርጣሬ ዴኦዳቶ ራሱ በር ከፍቶ ነበር። አራቱ ወጣት ተዋንያን ለአንድ ዓመት ያህል በማናቸውም ፊልም፣ ጋዜጣ ወይም ማስታወቂያ እንዳይታዩ ውል ፈርመው ነበርና፤ እንዲህ የተደረገውም ጠፍተዋል የሚለው ተረት እንዲታመን ነው። ለገበያ የታሰበው ብልሃት ወደ እስር ቤት የሚያደርስ ማስረጃ ሆኖ ተመለሰበት። ዴኦዳቶ ባርባሬስኪን ፈልጎ አገኘ፤ እርሱም ሌሎቹን ሰበሰበ፤ ተዋንያኑም በቴሌቪዥን ቀርበው በሕይወት መኖራቸውን አሳዩ። (ባርባሬስኪ እስከዚህም በሕይወት ስለ መኖሩ የሚጠራጠር ቢኖር፣ በ2008 የኢጣልያ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል።)

ከሁሉ ይልቅ ዳኞቹን ያስቸገረው ግን አንዲት የነገዱ ልጅ በቆመ እንጨት ላይ ተሰክታ የምትታይበት ሥዕል ነበር። ዴኦዳቶ እንዴት እንደ ተሠራ አስረዳ። በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ የቢስክሌት ኮርቻ ተያይዞ ልጅቷ በዚያ ላይ ተቀመጠች፤ ባልሳ የሚባለውን ቀላል እንጨት ቁራጭ በአፏ ይዛ ወደ ሰማይ አንጋጠጠች፤ የቀረውን ቀለሙ ሠራው። ደግሞም ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ ልጅቷ ከሠራተኞቹ ጋር የምትታይባቸውን ፎቶግራፎች አቀረበ። በዚህ የነፍስ ግድያው ክስ ቀረ።

ጸያፍነቱና በእንስሳት ላይ የተፈጸመው ጭካኔ ግን አልቀሩም። ዴኦዳቶ፣ የፊልሙ ባለገንዘቦች፣ የታሪኩ ጸሐፊና የአከፋፋዩ ኩባንያ ወኪል እያንዳንዳቸው በገደብ የታለፈ የአራት ወር እስራት ተፈረደባቸው። በምናባዊው ታሪክ ውስጥ ፊልሙን የሰረቀው ሠራተኛ በገደብ ሁለት ወር አግኝቶ እንደ ነበር እናስታውሳለን፤ እውነተኛው አዘጋጅ እጥፉን አገኘ። ቤርቶሉቺም በ«የመጨረሻው ታንጎ» የተቀጣው ያንኑ በገደብ የታለፈ አራት ወር ነው። አንዱ በሰዎች መካከል ያለውን የሥጋ ግንኙነት ያሳየ፣ ሌላው ሕይወት ያላቸውን እንስሳት ያረደ ሲሆን በሕጉ ሚዛን እኩል መጡ። ፊልሙ እስከ 1984 ድረስ ታግዶ ከቆየ በኋላ ተቈርጦ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት ተከልክሎ እንዲታይ ተፈቀደ። ሥርዓቱ ራሱ፣ ማለት ፊልምን በሙሉ የመከልከል ሥልጣን፣ በኢጣልያ የተነሣው በ2021 ነው።

በሌሎች አገሮች የሆነውን በሰፊው መዘርዘር አያስፈልግም። በብሪታንያ ፊልሙ በቪዲዮ ስለ ገባ የሳንሱር መሥሪያ ቤቱን ሳይነካ በየሰፈሩ ሱቅ ተከራየ። አከፋፋዩ ለገበያ ብሎ ለታወቁት የሥነ ምግባር ተሟጋች ለወይዘሮ ሜሪ ዋይትሃውስ ያለ ስም የክስ ደብዳቤ ራሱ እንደ ጻፈ ይወራል። ውጤቱ ግን ከታሰበው በላይ ሆነ፤ ዐቃቤ ሕግ ባወጣው የጸያፍ ቪዲዮዎች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ በ1984ም የቪዲዮ ሕግ ወጣ።

የፊልሙ ደጋፊዎች ዛሬም ቢሆን አንድ መከላከያ ያቀርባሉ፤ ይኸውም ፊልሙ ዜና ሠሪውን ይወቅሳል፤ የሠለጠነው ሰው ከአረመኔው የባሰ መሆኑን ያሳያል የሚል ነው። ነቃፊዎቹ ደግሞ የሚወቅሰውን ነገር ራሱ እየሠራ ይሸጣል ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ክርክሩም ስለዚህ አያልቅም። ነገር ግን ሁለቱም ወገን የሚነጋገሩት ስለ አራቱ ነጮች፣ ስለ አዘጋጁና ስለ ተመልካቹ ነው። መዝገቡን ገልጠን ስናይ ሌሎች ሦስት ወገኖች አሉ።

አንደኛዋ በእንጨት ላይ የታየችው ልጅ ናት። አራቱ ተዋንያን ስም አላቸው፤ ተፈልገው ተገኙ፤ ሕዝብ ፊትም ቀረቡ። እርስዋ የቀረበችው በፎቶግራፍ ነው። መሞትዋ የሚያሳስብ በሆነበት ክርክር ውስጥ ስለ ሕይወትዋ የመሰከረላት ገደለ የተባለው ሰው ብቻ ነበር። እውነት ተናግሯል፤ ፎቶግራፎቹም በቂ ነበሩ። ቢሆንም አንድ ሰው ስለ ራሱ መኖር ሳይጠየቅ መኖሩ የሚረጋገጥበት ሁኔታ ትኩረት ይገባዋል።

ሁለተኞቹ በእርግጥ የሞቱት ናቸው። በፊልሙ መካከል የጣቢያው ሰዎች ለመምህሩ የወጣቶቹን የቀድሞ ሥራ ያሳዩታል፤ ስሙም «ወደ ሲኦል የሚወስደው የመጨረሻ መንገድ» ነው። ወታደሮች ሰዎችን እያሰለፉ ሲረሽኑ ይታያል። ከዚያም አንዲት የጣቢያው ሹም ያ ሁሉ ለካሜራ የተዘጋጀ ትርዒት መሆኑን ለመምህሩ ትነግረዋለች። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ዴኦዳቶ ለዚህ የተጠቀመው ከናይጄሪያና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የተገኘ እውነተኛ የግድያ ፊልም ነበር። እንግዲህ በአንዱ ፊልም ውስጥ ውሸቱ ሞት እውነት ተብሎ ቀረበ፤ እውነተኛው ሞት ውሸት ተባለ። ፍርድ ቤት የጠራው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን የሚመለከት ነገር ከክሶቹ በአንዱም አልነበረም፤ ዴኦዳቶ እነዚያን ሰዎች አልገደለምና ሕጉ የሚይዝበት መንገድ አልነበረውም ይባል ይሆናል። የአንድን ሰው የመጨረሻ ደቂቃ ገዝቶ «ይህ ቀልድ ነው» ብሎ ማሳየት በየትኛው አንቀጽ እንደሚገባ እኔም አላውቅም።

ሦስተኞቹ ስማቸው የተወሰደባቸው ሕዝብ ናቸው። ፊልሙ ሰው በላዎቹን «ያኖማሞ» እና «ሻማታሪ» እያለ ይጠራል። እነዚህ የፈጠራ ስሞች አይደሉም። ያኖማሚ በብራዚልና በቬኔዙዌላ ወሰን ላይ፣ ከሌቲሲያ በብዙ መቶ ኪሎሜትር ርቀው የሚኖሩ ሕዝብ ሲሆኑ ሻማታሪ ከእነርሱ መካከል ያለ ክፍል ነው። ስማቸው በዓለም ዘንድ የታወቀው አሜሪካዊው ናፖሊዮን ቻኞን በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ በርእሱም ኃይለኛ ሕዝብ ብሎ ጠርቷቸዋል። መጽሐፉ በዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው ስለ ተነበበ ስሙ ከጦረኛነት ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ ሲኒማው ደግሞ ከጦረኛነት ወደ ሰው መብላት አሸጋገረው። ያኖማሚ የሰው ሥጋ አይበሉም። ሰው ሲሞትባቸው ሬሳውን ያቃጥላሉ፤ አጥንቱን ወቅጠው አመዱን ከሙዝ ሾርባ ጋር ቀላቅለው ዘመዶች እያለቀሱ ይጠጡታል። የሟችንም ስም መጥራት በእነርሱ ዘንድ ነውር ነው። ከዚህ የኀዘን ሥርዓት ተነሥቶ በጭቃ የተለቀለቀ ሰው በላ ላይ ለመድረስ ብዙ ርቀት መሄድ ያስፈልጋል።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ ነው እንዳይባል የተከተለውን እንመልከት። ፊልሙ በየአገሩ በቪዲዮ በሚዞርበት በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወርቅ ቈፋሪዎች ወደ ያኖማሚ ምድር ጎረፉ፤ በሽታና ጥይት ይዘው ገቡ። የብራዚል መንግሥት መሬቱን በ1992 ከለለላቸው። በ1993 ሀሺሙ በተባለ ስፍራ ቈፋሪዎች 16 ያኖማሚዎችን፣ ከእነርሱም ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ገደሉ፤ የብራዚል ፍርድ ቤትም ድርጊቱ ዘር ማጥፋት ነው ብሎ ፈረደ። ቈፋሪዎቹ ፊልሙን አይተው ገደሉ የሚል አሳብ የለኝም፤ እንዲህ ያለውን ማያያዣ የሚያስይዝ ምክንያትም የለም። የማመለክተው ይህን ነው፤ በአማዞን ጫካ የነጭ ሰው በነባሩ ሕዝብ እጅ መሞት ዓለምን ሲያነጋግር በዚያው ጫካ ይፈጸም የነበረው ግድያ በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር፤ የፊልሙ ታሪክ ራሱ ይህን ሊናገር ሞክሮ ሳለ የሰማው ጥቂት ነው።

የፊልሙ አሠራር በኋላ ለብዙዎች ትምህርት ሆኗል። በ1999 በአሜሪካ የወጣው «ዘ ብሌየር ዊች ፕሮጀክት» ተዋንያኑን ጠፍተዋል እያለ ሲያስታውቅ ያደረገው የዴኦዳቶን ብልሃት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን የከሰሰ ዳኛ አልነበረም፤ ተመልካቹ ለምዶት ነበርና። ዴኦዳቶ በዲሴምበር 2022 ሲሞት ጋዜጦች ሁሉ ያነሡት የነፍስ ግድያውን ክስ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ የብሪታንያ ሳንሱር መሥሪያ ቤት ውሳኔ ነው። በ2001 ፊልሙን ስድስት ደቂቃ ያህል ቈርጦ አሳለፈ፤ በ2011 ጉዳዩን እንደገና አይቶ ከአንድ ሥዕል በቀር ሁሉንም መለሰ። የቀረው ሥዕል 15 ሴኮንድ ያህል ሲሆን የኮአቲው መታረድ ነው። በ1937 በወጣው ሕግ መሠረት ለፊልም ተብሎ እንስሳ የተሠቃየበትን ሥዕል ማሳየት ስለማይፈቀድ፣ የሌሎቹ እንስሳት ግድያ ግን ፈጣን ነው ስለ ተባለ፣ ውሳኔው ከሕጉ አንጻር ትክክል ነበር። በዚያው ቅጂ ውስጥ ግድግዳ ሥር ተሰልፈው የሚረሸኑት ስም የለሽ ሰዎች ሳይቈረጡ አልፈዋል።